ሰርጉ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተከፈተ

በየአገሩ የተበተናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ስትደውሉ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቲቸር፣ ማጀቴ እንዴት ናት? ኑሮ ወደ ድሮው ተመለሰ?» እኔም «አዎ፣ እግዜር ይመስገን፣ እየተመለሰ ነው» እላችኋለሁ። ውሸትም አይደለም። ገበያው ሞልቶ ይፈሳል። ሰው በክርን መነካካቱን ትቶ እንደ ጥንቱ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ጀምሯል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ አቦል ቶና በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ሞልቷል። ማስኩም ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ ወርዷል።

በሽታው ግን አልሄደም። በጥቅምት 2013 በአገሪቱ በምርመራ የተገኘባቸው ሰዎች ከ90 ሺህ አልፈው ነበር፣ የሞቱትም ከ1 ሺህ 400 በላይ ነበሩ። እኛ ነን የተመለስነው እንጂ እሱ አልተመለሰም። ይሁን። ሰው ለዘላለም ቤቱን ዘግቶ አይኖርም፣ እንኳን የእለት ጉርሱን ከገበያ የሚያገኝ የይፋት ቆላ ሰው። በዚህ የምፈርድ አይደለሁም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ኑሮ ተመለሰ ስንል የማን ኑሮ ነው የተመለሰው?

እስቲ ወደ ኋላ ሄደን ቅደም ተከተሉን እንየው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከሁሉ በፊት የተዘጋው እሱ ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለ5 ወር ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥም ቀረ። ፋሲካን ሚያዝያ 11 ቀን በየቤታችን ነው ያሳለፍነው። ግንቦት 16 ኢድ አልፈጥር ሲሆን ሙስሊም ወንድሞቻችን ሶላቱን ከየቤታቸው ሰገዱ። ለኛ ለይፋት ሰዎች፣ ፋሲካውንም ኢዱንም አብረን ለምንበላ፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ላላ። መጀመሪያ ገበያው ተመለሰ። ከዚያ ለቅሶው። ከዚያ ማኅበሩና እድሩ። ከዚያ ሰርጉ። ትምህርት ቤት ግን እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ በሩ ተቆልፎ ቆየ። ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ፕሮግራም መሠረት በገጠርና በወረዳ ከጥቅምት 9፣ በዞንና በክልል ከተሞች ከጥቅምት 16፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከጥቅምት 30 ጀምሮ በየዙሩ ይከፈታል ተባለ። ቁጥሩን አስቡት፤ በአገር ደረጃ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ነው ለ7 ወር ቤት የዋለው።

እና ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የተዘጋው የልጆች ጉዳይ ነው፣ መጨረሻ የተከፈተውም የልጆች ጉዳይ ነው። የአዋቂው ጉዳይ በመሐል ተዘጋ፣ በመሐል ተከፈተ። ሰርጉ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተከፈተ። በእነዚያ ሰርጎች ላይ ከተሞሸሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ያው የኛው ተማሪዎች ናቸው።

አሁን ስም መጥሪያውን ይዤ ክፍል ስገባ ይህን ነው የማየው። በ2013 ትምህርት ሲከፈት በአንድ ክፍል እስከ 25 ተማሪ ብቻ ይቀመጥ ስለተባለ፣ በፈረቃ ስለሆነ፣ ክፍሉ ሲሳሳ ላያስደነግጥ ይችላል። «የዛሬ ፈረቃዋ አይደለም ይሆናል» ትላለህ። በሁለተኛው ቀን ትጠራለህ፣ ዝም። በሳምንቱ ትጠራለህ፣ ዝም። ከዚያ ከኋላ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ እሷ እኮ…» ትልና ሳትጨርሰው ትተወዋለች። ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ያልተጨረሰችውን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቃታለን።

(የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ነገሩን አደባልቄ ነው የምጽፈው። እናንተም «እከሊት ናት» ብላችሁ እንዳትገምቱ።)

አንዳንዷ ተድራለች። አንዳንዷ «አክስቷ ዘንድ» አዲስ አበባ ሄዳለች፤ ምን ልትሠራ እንደሄደች እናውቃለን፣ ሰው ቤት ነው። አንዳንዱ ወንድ ልጅ በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ወጥቷል። አብዛኞቹ ግን የትም አልሄዱም። እዚሁ ናቸው። ቤት ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ እነዚህ ቤት ያሉት ናቸው። አንዷን እናት መንገድ ላይ አግኝቼ ልጅቷ ለምን እንደቀረች ጠየቅኋት። ሳትቆጣ፣ ሳትደብቅ እንዲህ አለችኝ፤ «መምህር፣ ወንዱን ልኬያለሁ እኮ። እሷማ ቤቱን ለምዳልኛለች።»

ለምዳልኛለች። ይህች ቃል ከእኔ ጋር ቤት ድረስ መጣች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? መጋቢት ላይ ልጆቹ ሁሉ ቤት ገቡ። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰውም፣ ከአዲስ አበባ ሥራ ቆሞበት የመጣውም ገባ። ቤቱ ሞላ፣ በልቶ የሚያድረው በዛ። ከዓረብ አገር ይመጣ የነበረው ገንዘብ ቀጠነ፤ እንዲያውም ሚያዝያ ላይ ከሳዑዲ ተጠርዘው የመጡ ወገኖቻችን በየዩኒቨርሲቲው ኳራንቲን ሲገቡ አየን፣ ጂዛን ላይ ታስረው ስለነበሩት የሚሰማው ደግሞ ለሰሚ የሚከብድ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ያለውን ጉልበት አሰላ። ውኃ የምትቀዳ፣ ትንሹን የምታዝል፣ ምጣድ ላይ የምትቀመጥ፣ ማሽላ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ሙሉ ቀን ተገኘች። ድሮ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የምትገኘው። በ7 ወር ውስጥ ቤቱ በእሷ ላይ ተደላደለ። እናቲቱ ገበያ መዋል ቻለች፣ ወንድሙ ጥናቱን ቻለ፣ አባት ምሳው በሰዓቱ ደረሰለት።

ስለዚህ የለመደችው ልጅቷ አይደለችም። የለመድነው እኛ ነን። ቤተሰቡ ወደ ድሮ ኑሮው እንዲመለስ ከተፈለገ አንድ ሰው ከቤቱ የተረከበውን ጉልበት መመለስ አለበት፣ የሚመልሰው ግን አልተገኘም። እኔ የምለው፣ ልጅቷ ወንበሯ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ያ ቤት «ተመልሷል» አይባልም።

ይህን ስል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። የሚሰጠኝም እውነት ያለበት መልስ ነው። አንድ አባት «እስቲ እርስዎ ይፍረዱ መምህር» አሉኝ። «ማሽላው እሸት ይዟል። ወፉ ከላይ፣ ጦጣው ከጎን፣ ዘንድሮ ደግሞ አንበጣው። ልጄን ከማማው ባወርዳት ማን ይጠብቅልኛል? ሲርበን ትምህርት ቤቱ ያበላናል?» ምን ትላላችሁ? የ2013ቱ አንበጣ በአገራችን በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነው የተባለለት ነበር። ከራያ እስከ ሸዋ ቆላ ሰው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል ማሳ ላይ ነው የሰነበተው። ጥቅምትና ኅዳር የኛ አገር የመኸር ጊዜ ነው፤ ትምህርት ቤት የተከፈተው ደግሞ ልክ በዚህ መሐል ነው። አባትዬው ክፉ ሰው አይደሉም። የሚፈሩት ረሀብን ነው።

ግን እኔም ጠየቅኋቸው፤ «ወንዱስ ልጅዎ?» ወንዱ ትምህርት ቤት ነው። ወፉም ጦጣውም አንድ ነው፣ ወንጭፉም የሁለቱም እጅ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ማማው ላይ የምትቀረው እሷ ሆነች? ፈረቃ እኮ ለዚህ ይመቻል። እሷ በምትማርበት ቀን እሱ ይጠብቅ፣ እሱ በሚማርበት ቀን እሷ ትጠብቅ። ጎረቤት ለጎረቤት ደግሞ በደቦ ማጨድ ከቻልን በደቦ መጠበቅ አያቅተንም። አባትዬው ትንሽ ዝም አሉና «እሱስ ልክ ነዎት» አሉኝ። ልካቸው ይሁን አይሁን በሚቀጥለው ሳምንት ስም ስጠራ አየዋለሁ።

ሌላው መልስ «በሽታውን ፈርተን ነው» የሚለው ነው። ቤት ውስጥ አሮጊት ያለችበት፣ ስኳር ወይ አስም ያለበት ቤተሰብ ይህን ቢል እቀበላለሁ፣ አከብረዋለሁም። ለእሱ መፍትሔ እንፈልጋለን፤ ልጅቷ ስትገባ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ማስኳን ታጥባ ታሰጣለች፣ ከእማማ ጋር አንድ ጣባ ላይ አትቆርስም። ለሌላው ግን በትሕትና አንድ ነገር ልናገር። ልጁን ገበያ የላከ፣ ሰርግ የወሰደ፣ ለቅሶ ያስቀመጠ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ላይ ሲደርስ ብቻ በሽታው ትዝ ሊለው አይገባም።

ስለ ጋብቻው ግን በደንብ እንነጋገር፤ ምክንያቱም በዚህ 7 ወር ውስጥ በየአካባቢው ብዙ ነገር በዝምታ ነው ያለፈው። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በኮሮና ምክንያት ድግሱ አነሰ፤ «50 ሰው ብቻ ነው የምንጠራው» ተባለ። ድግስ ሲያንስ ወጪ ቀነሰ። ወጪ ሲቀንስ «ይሄን ጊዜ ካላገባናት መቼ?» የሚል ሒሳብ መጣ። ልጅቷ ደግሞ ቤት ናት፣ ሥራ ፈታ ተቀምጣ «ነገር እንዳታመጣ» ይባላል። ሽማግሌ ለመላክ እንደ ዘንድሮ የተመቸ ጊዜ አልነበረም።

በዚያ ላይ ነገሩን የሚያስቆመው ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተዘጋው መማሪያ ክፍሉ ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ልጅ ልትዳር ስትል መጀመሪያ የምትሰማው ጓደኛዋ ናት። ጓደኛዋ ለሴቶች ክበብ ኃላፊዋ መምህርት ትነግራለች። መምህርቷ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለቀበሌና ለሴቶች ጉዳይ። ስንቱ ሰርግ በዚህ መንገድ ቀርቷል! መጋቢት 7 ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። ልጅቷ «ሊድሩኝ ነው» የምትልበት ጆሮ ጠፋ።

ሕጉ እኮ ግልጽ ነው። በፌዴራሉም በክልላችንም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በላይ የሆነችን ልጅ ያለ ዕድሜዋ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። ግን ሕግ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ አይተናል፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የአገሪቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 58ቱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። ወንዶቹ ከመቶ 9 ብቻ። ይህ ከኮሮና በፊት የነበረው ነው። «ወደ ድሮው እንመለስ» ስንል ድሮውም ለሴት ልጅ ይህን ይመስል ነበር።

እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሴራሊዮን በኢቦላ ጊዜ ትምህርት ቤቶቿን 9 ወር ያህል ዘግታ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2015 ከፈተች። በዚያ መሐል ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ። መንግሥት ምን አደረገ? «ሆዷ የገፋ ልጅ ትምህርት ቤት አትግባ» አለ። ልጆቹ ሁለቴ ተቀጡ፤ አንዴ በወረርሽኙ፣ አንዴ በትምህርት ቤቱ በር። ያ ክልከላ የተነሳው ገና በፈረንጆቹ መጋቢት 30 ቀን 2020 ነው። 5 ዓመት ፈጀ! በ5 ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ከ8ኛ ክፍል 12ኛ ትደርስ ነበር?

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም፣ ተመስገን። ግን ያልተጻፈ ክልከላ አለ። ያገባች ልጅ ራሷ «አሁንማ አፍራለሁ» ትላለች። ባል «ከዚህ በኋላ ምን ልትሆን?» ይላል። አማት «ቤቱን ማን ይይዝልኛል?» ትላለች። አንዳንድ ጊዜም እኛው መምህራን «አግብታለች» ብለን ስሟ ላይ መስመር እንስባለን። እኔ የምጠይቀው ይህ መስመር ዘንድሮ እንዳይሰመር ነው። የተዳረችው ትመለስ። ነፍሰ ጡሯም ትመለስ። የወለደችው ልጇን ለእናቷ ሰጥታ በፈረቃዋ ትምጣ። ጋብቻው ሲፈጸም ልንደርስላት አልቻልንም፤ ትምህርቷ ላይ ግን ገና አልመሸም። በ2013 ለ8ኛና ለ12ኛ ተፈታኞች የማካካሻ ትምህርት ነበር፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውረው ነበር። ማለት ወንበሯ እየጠበቃት ነው፤ ወድቃ አይደለም የቀረችው።

ሰሞኑን ኅዳር 12 ሲደርስ፣ እንደ ልማዳችን ቆሻሻውን ሰብስበን እናጥናለን፣ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ይህ ልማድ በ1911 ኅዳር ላይ ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር አብሮ የሚነሳ ነው። ያ በሽታ ከድሀ ጎጆ እስከ ራስ ተፈሪ አልጋ የደረሰ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በእኛ እጅ የቀረው ጭሱ ነው። በዚያ ዓመት የትኛዋ ልጅ ከቤት ቀረች፣ የትኛዋ ያለ ጊዜዋ ተዳረች ብንባል የምንመልሰው የለንም። የኮሮና ዘመን ልጆች ግን ስም መጥሪያ ላይ በስማቸው አሉ። «አላወቅንም» ማለት አንችልም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነውና።

አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ያላችሁ፤ ዛሬ ማታ ቤት ደውሉ። «እንዴት ናችሁ» ካላችሁ በኋላ ስልኩን አትዝጉ። «እህቴ ትምህርት ጀመረች?» በሉ። «አዎ» ካሏችሁ «እስቲ አገናኙኝ» በሉና ራሷን ጠይቋት። በየትኛው ፈረቃ እንደሆነች ካላወቀች ነገሩን ተረዱት። እኔ ስናገር «መምህር ነው፣ ሥራው ነው» ነው የሚባለው። እናንተ ስትናገሩ ግን ቤቱ ይሰማል። ተምሮ ደሞዝ የሚልክ ልጅ የተናገረውን አባት አይንቅም።

ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ያላችሁ እህቶች፤ ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን አቋርጣችሁ እንደሄዳችሁ አውቃለሁ፣ ላባችሁ ምን እንደሚመስልም እሰማለሁ። የምትልኩት ገንዘብ ላይ አንድ ቃል ጨምሩበት፤ «ከዚህ ላይ የእህቴ ደብተር ይገዛ፣ ሳላገናኛት አትድሯት» በሉ። የእናንተ ገንዘብ በዚያ ቤት ውስጥ ሥልጣን አለው።

ቀሳውስቶቻችን፣ ሼሆቻችን፤ እናንተን ሳላከብር አልናገርም። በይፋት የእናንተ ቃል ከፖሊስ ይቀድማል። ቀለበት ከማሰራችሁ፣ ኒካሕ ከማሰራችሁ በፊት «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? ከየትኛው ክፍል ነው የወጣችው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ከሰው ፊት መጠየቃችሁ ብቻ ስንቱን ነገር ያስቆማል።

ወላጆች ሆናችሁ ይህን የምታነቡም ትኖራላችሁ፣ ልጃችሁ ያነበበላችሁም። መኸሩ እስኪገባ ዘግይታም ቢሆን ትምጣ። «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ አትተዉት፣ መጥታችሁ አነጋግሩን። ደብተርና ማስክ የሚያሳጣችሁ ከሆነ ንገሩን፣ የድሮ ተማሪዎቼ አሉ፣ አያሳፍሩኝም።

ሌላ የምለው የለኝም። ቤተሰቦቻችን ተሰብስበው ሲበሉ ማየት ደስ ይለኛል፣ ሰው ሲተቃቀፍ ማየት ናፍቆኝ ነበር። ግን ገበታው ሲቀርብ እስቲ አንድ ጊዜ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ ቆማ የምታስተናግደው ማን ናት? ባለፈው ዓመት የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች?

ኮሜንት ላይ የልጅ ስም እንዳትጽፉብኝ አደራ። የምታውቋት ካለች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀጣዩ ስም ጥሪ ሰኞ ጠዋት ነው።